መኪናው እንቢ ሲል አስቀድመን ቁልፉን እንይ
(ለሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የተደረገ ንግግር)



ሌሊት ምጥ ሲመጣ፣ ልጅም ሲታመም የምንሮጠው መኪና ወዳለው ጎረቤት ደጅ ነው። ስለዚህ የአንዱ መኪና አለመነሳት የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1998 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የስርቆት መከላከያ እንዲኖረው ተደንግጓል። ዛሬ አሮጌ ከምንላቸውም ይህ ያላቸው ብዙ ናቸው። በቁልፉ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። መኪናው ቺፑን ካላወቀ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። አንዳንዱ ሞተሪኖውንም ይከለክላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ የፊት መብራቱ ከፈዘዘ፣ ሞተሪኖውም ቀጭ ቀጭ ብቻ ካለ፣ ባትሪውን እንይ።

ሁለተኛ፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የቁልፍ ምልክት ያለባት መብራት ብልጭ ድርግም ካለች፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ አብሮ የታሰረ የሌላ መኪና ቁልፍ ካለ እንለየው። ከዚያ በትርፉ ቁልፍ እንሞክር። በትርፉ ከተነሳ ችግሩ ከቁልፉ ነው፤ ካንዴላ መፍታት ገንዘብ ማባከን፣ መግፋትም ጉልበት መጨረስ ነው።

«መከላከያውን ቆርጬ ልጣልልህ» የሚል ቢመጣ እሺ አንበል፤ ለሌባ በር መክፈት ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ የቀረው ሰው እሱም ሳይጠፋበት ሁለተኛ ያሠራ። ብረቱን ማስቀረጽ ብቻ አይበቃም፤ ቺፑም ከመኪናው ጋር መተዋወቅ አለበት።

ትርፉን ቁልፍ ቤተሰብ በሚያውቀው ቦታ እናስቀምጥ። ሌሊት ደጃችንን ያንኳኳ ጎረቤት ባዶውን እንዳይመለስ።