ካርቴልን ያሸነፈው ሕግ ነውን ወይስ ነዳጅ ዘይት?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ማታ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት ነገር ነውና። ዳሩ ግን በከሰሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ የማንኛውም አገር ጥያቄ ነው። ይኸውም «ጥቂት ባለጠጎች ተስማምተው የሁሉን ዋጋ ሲቆርጡ ሕግ ሊከለክላቸው ይችላልን? ቢከለክላቸውስ ይሰሙታልን?» የሚል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ምሳሌው ደካሞች ተባብረው ኃይል እንዲያገኙ ይመክራል። ነገር ግን አንበሶቹ ራሳቸው ያበሩ እንደ ሆነስ ድሩ ምን ይበጀዋል? በኤውሮፓ ካርቴል የሚባለው ይኸው የአንበሶች ማኅበር ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያወጡ ኩባንያዎች በስም ተለያይተው ይኖራሉ፤ ዋጋውን ግን በአንድነት ይቆርጣሉ፤ ማን ምን ያህል እንደሚያመርት፤ ማን በየትኛው አገር እንደሚሸጥ በውል ይከፋፈላሉ። ገዢው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ቢመላለስ የሚነገረው ያው አንድ ዋጋ ነው።

በጀርመን አገር በሩር አውራጃ የሚገኙ የከሰል ጉድጓድ ባለቤቶች በ1893 ኤሰን ከተማ ላይ አንድ የጋራ መሸጫ ማኅበር አቆሙ። ከአራት ዓመት በኋላ፤ በ1897፤ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የካርቴል ውል እንደ ማንኛውም ውል የሚጸና ነው ብሎ ፈረደ። በ1926 ደግሞ የጀርመን፤ የፈረንሣይ፤ የቤልጅግና የሉክሳምቡርግ ብረት ሠሪዎች ዓለም አቀፍ የብረት ካርቴል መሠረቱ፤ ዋና መሪውም የሉክሳምቡርጉ ኤሚል ማይሪሽ ነበር። በዚያን ዘመን ነገሩ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። እንዲያውም ጀርመንንና ፈረንሣይን የሚያስታርቅ የሰላም መሣሪያ ነው እያሉ ያመሰገኑት ብዙዎች ነበሩ። ሰላሙ ግን አልመጣም፤ ጦርነቱ መጣ።

ከጦርነቱ በኋላ፤ በሜይ 9 ቀን 1950፤ የፈረንሣይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቤር ሹማን ዣን ሞኔ ያዘጋጀውን አሳብ ለዓለም አስታወቀ። የፈረንሣይና የጀርመን ከሰልና ብረት ከመንግሥታቱ በላይ በሆነ በአንድ ባለ ሥልጣን ሥር ይሁን፤ ሌሎችም አገሮች ይግቡበት የሚል ነበር። መግለጫው ይህ አዲስ ድርጅት የዱሮው ካርቴል ተቃራኒ መሆኑን ለይቶ ተናገረ፤ ካርቴል ገበያን ይከፋፍላል፤ ይህኛው ግን ገበያን ያዋሕዳል አለ። ፈረንሣይ፤ ምዕራብ ጀርመን፤ ኢጣልያ፤ ቤልጅግ፤ ሆላንድና ሉክሳምቡርግ በኤፕሪል 18 ቀን 1951 ፓሪስ ላይ ውሉን ፈረሙ። ውሉ በጁላይ 23 ቀን 1952 ከጸና በኋላ «ከፍተኛው ባለ ሥልጣን» የተባለው አካል በሉክሳምቡርግ ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሞኔ ሆነ።

ከውሉ አንቀጾች ሦስቱን ልብ በሉልኝ። አንቀጽ 60 እያንዳንዱ ኩባንያ የዋጋውን ዝርዝር ለሕዝብ እንዲገልጽና በገዢዎች መካከል እንዳያዳላ ያዛል። አንቀጽ 65 ውድድርን የሚያግድ ማናቸውንም ስምምነት ይከለክላል፤ ሆኖም ማምረትን ወይም ማከፋፈልን በእውነት የሚያሻሽል፤ ዋጋ የመቁረጥ ኃይልንም የማይሰጥ የጋራ መሸጫ ሊፈቀድ ይችላል። አንቀጽ 66 ሁለት ኩባንያዎች ከመዋሐዳቸው በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የአንቀጽ 65ና 66ን አሳብ በመጀመሪያ የጻፈው አሜሪካዊው የሕግ መምህር ሮበርት ቦዊ ነው፤ በፈረንሣይ የሕግ አጻጻፍ ያስተካከለው ደግሞ ሞሪስ ላግራንዥ ነው።

ይህ ሕግ ከየት ተወለደ? ከውድድር ፍቅር ብቻ ተወለደ የሚል ሰው ታሪኩን አላየም። አሜሪካኖች ከ1890 ጀምሮ በአገራቸው የሚሠራበትን የሞኖፖል ክልከላ አሳብ ይዘው መጡ። ፈረንሣዮች ግን የመጡት ፍርሃት ይዘው ነው። የፈረንሣይ ብረት ማቅለጫ ያለ ሩር ኮክ አይነድም፤ የሩር ከሰል ሁሉ በአንድ የመሸጫ ቢሮ እጅ ከሆነ የፈረንሣይ ብረት ጉሮሮ በዚያ ቢሮ እጅ ነው። ጀርመኖች የጋራ መሸጫቸው እንዲፈርስ አልወደዱም ነበርና ድርድሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ በማርች 1951፤ የአሜሪካው ከፍተኛ ኮሚሽነር ጆን ማክሎይ ባደረገው ግፊት፤ የአደናወር መንግሥት እሺ አለ። እሺታው ከልብ ነበር ወይስ ከአፍ፤ ሥራው ያሳየናል።

ከፍተኛው ባለ ሥልጣን በሩር ላይ ለመፍረድ እስከ 1956 ዘገየ። በዚያ ዓመት አንዱን መሸጫ ጌይትሊንግ፤ ማውስጋትና ፕሬዚደንት በተባሉ ሦስት መሸጫዎች ከፈለው። በወረቀት ላይ ሦስት ተፎካካሪዎች ተፈጠሩ። ነገር ግን ሦስቱን የሚያገናኝ የጋራ ቢሮ እንዲኖር ያው ውሳኔ ፈቀደ፤ ዋጋቸውም አንድ ሆኖ ቀረ። አንድን እንጀራ ሦስት ቦታ ቢቆርሱት ሦስት እንጀራ አይሆንም።

በብረት በኩል ደግሞ ብረት ሠሪዎቹ ከማኅበሩ ውጭ ላሉ አገሮች በሚሸጡት ላይ በ1953 በብሩሰል የዋጋ ስምምነት አደረጉ። ውሉ የሚገዛው የጋራ ገበያውን ነውና ከፍተኛው ባለ ሥልጣን ስምምነቱን አላፈረሰውም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የተከለከለው ከደጃፍ ውጭ ተፈቀደ ማለት ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው ብረት ከውጭ የሚገዛው አገር ሆነ።

የዋጋ ዝርዝሩም ነገር እንዲሁ አስተማሪ ነው። በ1954 ከፍተኛው ባለ ሥልጣን ብረት ሠሪዎች አዲስ ዝርዝር ሳያወጡ ከተገለጸው ዋጋ በአማካይ 2.5 በመቶ ከፍና ዝቅ እንዲሉ ፈቀደ። ፈረንሣይና ኢጣልያ ከሰሱት። የማኅበሩ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 21 ቀን 1954 በሰጠው በመጀመሪያው ፍርዱ ፈቃዱን ሻረው፤ የተገለጸ ዋጋ ማለት በትክክል የሚሸጥበት ዋጋ ነው ተባለ። ፍርዱ ለሕጉ ቃል የታመነ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በግልጽ የተለጠፈን ዋጋ የሚያነበው ገዢው ብቻ ነውን? ተፎካካሪውም ያነበዋል። ሻጮች የእርስ በርስ ዋጋቸውን ሁልጊዜ የሚያውቁ ከሆነ ለመስማማት መሰብሰብ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ አርእስቴ እመለሳለሁ። በ1958 የከሰል ገበያ ወደቀ። ርካሽ ነዳጅ ዘይት ወደ ፋብሪካውና ወደ ቤቱ ገባ፤ የአሜሪካ ከሰል በዝቅተኛ የመርከብ ኪራይ መጣ፤ ያልተሸጠው ከሰል በየጉድጓዱ አፍ ተከመረ። ለ60 ዓመታት ዋጋ ሲቆርጥ የኖረው ሩር ራሱ ገዢ ፈላጊ ሆነ። በቤልጅግ የቦሪናዥ ማዕድን ቆፋሪዎች ጉድጓዳቸው እንዳይዘጋ በፌብሩዋሪ 1959 አድማ መቱ። ከፍተኛው ባለ ሥልጣን ምርትን ለመመደብ የሚያስችለውን የችግር ጊዜ ሥልጣን ቢጠይቅ የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት በሜይ 1959 ከለከለው። እንግዲህ አንድ ተቺ ተነሥቶ «ካርቴሉን የሰበረው ዘይት ነው፤ ሕጉ ግን ተመልካች ነበር» ቢል ብዙ ማስረጃ አለው።

እኔ ይህን ትችት በግማሹ እቀበላለሁ፤ በግማሹ አልቀበልም። ዋጋን ዝቅ ያደረገው ዘይት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በችግር ዘመን የሩር ባለቤቶች ወደ አንድ መሸጫ እንመለስ ብለው ጠየቁ። ከፍተኛው ባለ ሥልጣን በ1960 እንቢ አለ፤ ፍርድ ቤቱም በሜይ 18 ቀን 1962 እንቢታውን አጸና። ይህን ዘይት ሊያደርገው አይችልም። ገበያ የሻጭን ኃይል ያዳክማል፤ የሻጭን መብት የሚወስነው ግን ሕግ ነው። በ1897 ካርቴል በፍርድ ቤት የሚጸና ውል ነበር፤ በ1962 ካርቴል ፈቃድ ለምኖ የሚከለከል ነገር ሆነ። ከሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ርቀት የሕጉ ሥራ ነው።

ሕጉን ከልክ በላይ እንዳላመሰግን ደግሞ የኋላውን ታሪክ ልጨምር። በ1968 የሩርን ጉድጓዶች አብዛኛውን የሚጠቀልል ሩርኮህለ የተባለ አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ውሕደቱም ተፈቀደ። በ1980 ብረት ሲቸገር የማኅበሩ ኮሚሽን ራሱ ለየፋብሪካው የምርት ድርሻ መደበ፤ ካርቴል ሲያደርገው ይከለከል የነበረውን ባለ ሥልጣኑ አደረገው። በ1994 ግን ያው ኮሚሽን በብረት ምሰሶ ዋጋ ላይ የተስማሙ ብረት ሠሪዎችን ከ100 ሚሊዮን ኤኩ በላይ ቀጣ። የፓሪሱ ውል 50 ዓመት ሞልቶት በጁላይ 23 ቀን 2002 አበቃ። የጀርመንም የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በዲሴምበር 2018 ተዘጋ። ከሰሉ አለቀ፤ የውድድር ሕጉ ግን በሮም ውል በኩል ለሌላው ንግድ ሁሉ ተርፏል። ውሕደትን አስቀድሞ የመመርመር ሥርዓት በሮም ውል ውስጥ አልነበረም፤ በ1989 በወጣ ደንብ ተመልሶ ገባ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፤ ክልከላን መጻፍ ቀላል ነው፤ በየቀኑ መዝገብ የሚመረምር፤ በማይወደድበትም ቀን እንቢ የሚል ባለ ሥልጣን ማቆም ግን ከባድ ነው። ሁለተኛ፤ ፈቃድ ሰጪው ለተከሰሰው ሰው የጋራ ቢሮ ከተወለት ሦስት ስም ቢያወጣለትም ያው አንድ ነው። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ውድድር ዕቃን ያረክሳል፤ ሥራ ያጣውን ቆፋሪ ግን አይመግብም። የውሉ ጸሐፊዎች ይህን ስላወቁ ከኩባንያዎቹ ምርት ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ሥራ ላጡት ሠራተኞች አበልና አዲስ ሙያ መማሪያ እንዲከፈል በዚያው ውል ውስጥ ጻፉ። ስለ ውድድር የሚናገር ሁሉ አንቀጽ 65ን ይጠቅሳል፤ ይህን ሌላውን አንቀጽ፤ 56ን፤ የሚጠቅሰው ጥቂት ነው።

ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቼ ሆይ፤ ክልከላውን ስታነቡ የተፈቀደውንም አብራችሁ አንብቡ። ኢኮኖሚክስ የምታጠኑም፤ ዋጋው ወረደ ስትሉ በማን ትከሻ ላይ እንደ ወረደ ጠይቁ።