ክታብ፣ ክትባትና ስልክ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ሳይንስ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ ቃል እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ መጀመሪያ ሳቅን። እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቅን፣ ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስናስገባና ስናስወጣ የጨረስን ጡረተኛ ነን። ሳይንስ የተማረ ልጅ በየቤታችሁ አለ። ነገር ግን ያው ኮሚቴ የእድሩን አሮጌ መዝገብ ወደ አዲስ ደብተር እንድንገለብጥ አዞን ስለነበረ፣ እዚያ ውስጥ ያየነውን ብንናገር ከርዕሱ አንርቅም ብለን ተቀበልን።

መዝገቡ የሚጀምረው በ1950ዎቹ ነው። ቀን፣ የሟች ስም፣ የአባሉ ስም፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ፊርማ። ስንገለብጥ እጃችንን ያደከመው አንድ ቃል ነው፤ «ሕፃን» የሚለው። ስም እንኳ የለውም። «የአቶ እገሌ ሕፃን»፣ «የወይዘሮ እገሊት ሕፃን» እያለ ገጹን ሞልቶ ይወርዳል። ለሕፃን የሚከፈለው ከአዋቂው ያነሰ ነበረ፤ ድንኳንም አይወጣም። አባትየው ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ሬሳውን በጋቢ ታቅፎ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ያደርስና ከሰዓት በኋላ ሥራው ይገባል። አንድ አባል አለ፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ በእርሱ ስም ትይዩ ይኸው ቃል አራት ጊዜ ተጽፏል። በዚያን ዘመን አንዲት እናት ስትጠየቅ «ስንት ወለድሽ?» ተብላ ብቻ አትታለፍም። «ስንት ቀረልሽ?» የሚለው ይከተላል። ይህን ጥያቄ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ታስታውሱታላችሁ። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እንደ ክፉ ይታያል።

እንግዲህ መዝገቡ ወደዚህ ሲመጣ ያ ቃል እየሳሳ ይሄዳል። ከ1980ዎቹ በኋላ ቅጠሉን ገልጠን ገልጠን ነው የምናገኘው። አሁን በያዝነው ደብተርማ አንዱ ሲገኝ እጃችን ቆም ይላል። ይህ የሆነው እኛ ከአባቶቻችን ይልቅ ጻድቃን ስለሆንን አይደለም። የጉለሌ አየር ተሻሽሎም አይደለም፤ ወንዙን እንደሆነ ታዩታላችሁ። በአገር ደረጃም የታየው ይኸው ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 204 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወርዷል። ከአምስት አንድ የነበረው ከአሥራ አምስት አንድ ሆነ ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእናቶች ትምህርት፣ በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በእኛ ግምት ግን ከሁሉ ፊት የሚቆመው ክትባት ነው።

እዚህ ላይ እንደ ጸሐፊ አንድ ነገር እንበል። ክታብና ክትባት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በግዕዝ ከተበ ማለት ጻፈ ነው። ክታቡ ብራና ላይ ተጽፎ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ክትባቱ ክንድ ላይ ይጻፋል። እኛ በልጅነታችን ሁለቱም ነበሩን። አንገታችን ላይ ክታብ፣ ክንዳችን ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ። እናቶቻችን አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም፤ ልጁ እንዲተርፍላቸው ያገኙትን ሁሉ አደረጉ። በአገራችንም እኮ ከሐኪም መርፌ በፊት ከታማሚው ቁስል ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡ አዋቂዎች ነበሩ። ስለዚህ ክትባት ጭራሽ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚለውን አንቀበልም።

ስለ ፈንጣጣ ወጣቶቹ ስሙን እንኳ አያውቁትምና ትንሽ እንቆይበት። በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ነው። ከታቢዎቹ በእግርም፣ በበቅሎም፣ በሄሊኮፕተርም በየተራራው ገብተዋል። የመጨረሻው ታማሚ ኦጋዴን ውስጥ የተገኘው በነሐሴ 1968 ነው። ከዚያ በሽታው ወደ ሶማሊያ ሄደና በጥቅምት 1970 መርካ በምትባል ከተማ አሊ ማኦ ማሊን የሚባል ወጣት ያዘ። ይህ ሰው የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለሆስፒታሉ ሠራተኞች ክትባት በተሰጠ ጊዜ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ አመለጠ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ፤ እግዜር አትርፎት ዳነ። በሽታው ከምድር ጠፍቷል ተብሎ በሚያዝያ 30 ቀን 1972 ታወጀ። አሊ ግን በዚህ አላበቃም። ካደገ ከጎለመሰ በኋላ ለፖሊዮ ክትባት በፈቃደኝነት እየዞረ እናቶችን ይለምን ነበር። እኔ ፈርቼ የደረሰብኝን እዩ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ ይላቸዋል። በ2005 በወባ የሞተው በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ ነው። እኛ ይህን ሰው እናከብረዋለን። ፈሪ ነበር ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ፍርሃቱን ይዞ በየደጁ እየቆመ መናገር ግን የሁሉም ሰው ሥራ አይደለም።

የፈንጣጣው ከታወጀ ወዲህ በዚያው በ1972 የሕፃናት ክትባት በአገራችን በስፋት ተጀመረ። ስድስት በሽታ ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። የኩፍኝ ልጅ ጨለማ ቤት ሲተኛና ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ያደግን ሰዎች ያንን መርፌ እንደ ተራ ነገር ማየት አንችልም።

ደግሞም ጉለሌ ተቀምጠን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ፓስተር እያልን ታክሲ የምንሳፈርበት ሰፈር ስሙ ከየት መጣ? ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለ፣ ያበደ ውሻ የነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣለትና ገና በሰው ያልተሞከረውን መድኃኒት ወጋው። ልጁ ዳነ። አድጎም በፓሪስ የፓስተር ተቋም በረኛ ሆነ። (እዚህ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ጡረታ የወጣችሁ አላችሁና ይህን ብትሰሙ ደስ ይላችኋል ብለን ነው።) በዚያ ሊቅ ስም የተጠራው ተቋም እኛ ሰፈር የተከፈተው በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። እኛ ግን ፓስተር ማለቱን አልተውንም። ውሻ የነከሰው የሰፈር ልጅ ሁሉ ተጎትቶ የሚሄደው እዚያ ነበር። በየቀኑ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሆዱ ላይ ይወጋል፤ ልቅሶው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ዛሬ ጥቂት መርፌ ክንድ ላይ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገር ሲገባም ምርመራው የተጀመረው በዚሁ ግቢ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ስልክን ልንረግም አልተነሣንም። ሞባይል በ1991 አገራችን ሲገባ ለባለሥልጣንና ለነጋዴ ነበር፤ ዛሬ እንጨት ከእንጦጦ የምታወርድ እናት ልጇ ወዴት እንደዋለ በእርሱ ትጠይቃለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሕፃናቱን ያተረፈልን ሳይንስ ነው፤ ስልኩንም የሰጠን ያው ሳይንስ ነው። ታዲያ ዛሬ በስልኩ ክትባቱ ሲወጋ እያየን ነው።

ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ይሰጣል። ሲጀመር 14 ዓመት ለሞላቸው ነበር። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ሁለተኛው ነው። በመዝገባችን «በማኅፀን በሽታ» ተብለው የተጻፉ እናቶች አሉ፤ ከእነርሱ ስንቶቹ በዚህ እንደሄዱ እግዜር ይወቀው። ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤት በመጣበት ቀን ግን አንዲት ጎረቤታችን ልጇን እቤት አስቀረቻት። ስልኳ ላይ «መካን ያደርጋል» የሚል መጥቶላታል። ስሟን አንጠራም፤ ምናልባት እዚህ ተቀምጣ ይሆናል፣ አትቀየመን። ልጇን ስለምትወድ ነው ያስቀረቻት። የገዛ እናቷ ስም ትይዩ ግን «ሕፃን» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ክትባቱ መካን አያደርግም። ልጅቷ እስከ ዛሬ አልተከተበችም።

መዝገብ ቤት ስንሠራ አንድ ደንብ ነበረን። ቁጥር የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ፊርማና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ከመጣ አንመዘግበውም፤ የቱንም ያህል የሚያስደነግጥ ነገር ተጽፎበት ቢሆን። «ማን ላከው?» እንላለን። ተሸካሚው «እኔ እንጃ፣ ሰው ሰጥቶኝ ነው» ካለ ይዞት ይመለሳል። በስልክ የሚመጣውን ወሬ ስንት ሰው እንዲህ ይጠይቃል? «ሰው ልኮልኝ ነው» የሚል ብቻ ነው የምንሰማው። ወጣቶቹ ዛሬ ማኅተሙም ፎቶ ተነሥቶ በሐሰት ይሠራል ይሉናል። እውነት ነው፤ በእኛም ጊዜ ድንች ቀርጾ ማኅተም የሚሠራ ነበር። መዝገብ ቤቱ ሲጠራጠር ደብዳቤውን ጻፈ ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሰው ይልክ ነበር። ጤና ጣቢያው ከቤታችሁ የስንት ደቂቃ መንገድ ነው?

የእድራችንም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ወጣቶች ጡሩምባው ይቅር፣ የሞት ወሬ በቴሌግራም ይነገር የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቶሎ ይሰማል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የሆነውን አትርሱ። ሆስፒታል የተኙ አንድ አባታችን አረፉ ተብሎ በስልክ ተላለፈ። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ እሪ እያለ ግቢ ሲገባ ሽማግሌው ከሆስፒታል ወጥተው በረንዳ ላይ አጃ ሲጠጡ ተገኙ። «ማነው የሞተው?» ብለው እርሳቸውም ሊነሡ ነበር። ሳቅን፣ እሺ። የልብ ሕመም ያለባት እኅታቸው ግን በዚያ ድንጋጤ ሦስት ቀን ተኝታለች። ጡሩምባ ነፊያችን ከዳኛው ቃል ሳይሰማ ጡሩምባውን ከግድግዳ አያወርድም። የእኛ አስተያየት ሁለቱም ይኑሩ ነው፤ በስልኩም የሚጽፈው የእድሩ ጸሐፊ ብቻ ይሁን፣ ለዳኛው ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ።

ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ አንልም። ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ ዋለ የሚል አቤቱታ በየቤቱ አለ። እኛ ግን የምንጠይቀው ልጁ ቀና ብሎ ሲጠይቅ ምን ይመለስለታል ነው። ያሳደጉን ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ ጥያቄ ግን አይወዱም፣ «ዝም በል» ነው መልሱ። ዛሬ ዝም የተባለ ልጅ ዝም አይልም፤ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። ሰኔ 14 ቀን 2012፣ እሑድ ጧት፣ ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ በላሊበላ በኩል እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች። በሰፈራችን ልጆቹን እቤት የዘጋ ነበር፤ ዓይን እንዳይጎዳ የሚያስረዳም ነበር። ሁለተኛው ቤት ያለችው ልጅ ዛሬም ስለ ሰማይ ስትጠይቅ ትውላለች። ጥያቄ ደግሞ ከትንሽ ነገር ይነሣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ለምን ብለው የተነሡት። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። ስንቱ በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል!

በመጨረሻ ከኮሚቴው የተላከ ማስታወቂያ አለ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከመዋጮ በኋላ፣ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ ጥያቄ እንድትቀበል ደብዳቤ ተጽፏል፤ ቁጥርም፣ ቀንም፣ ማኅተምም አለው። ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃን ያላችሁ የኩፍኙን ክትባት ያልወሰደ ካለ እስከዚያ አትጠብቁ፣ ነገ ውሰዱት። ልጃገረድ ያላችሁ እናቶች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ስልካችሁንም አምጡ፤ ያስፈራችሁን መልእክት ከፍታችሁ ለነርሷ አሳዩአት። መነጽር የረሳችሁ ከሆነ ወጣቶቹ ያነቡላችኋል።