ትራስ ስንገዛ፦ ርካሹን ወይስ ውዱን?
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



  ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለ ትራስ ነው። ርዕሱን ያገኘነው ከአንዲት እናት ከደረሰን ደብዳቤ ሲሆን፣ ደብዳቤው ግን ተራ አልነበረም።

የእኚህ እናት ልጅ ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እናቷ ጠዋት ጠዋት አንገታቸውን እንደሚያማቸው በስልክ ስትሰማ፣ «እማ፣ በዚህ ለራስሽ ጥሩ ትራስ ግዢበት፤ ለሌላ ነገር እንዳታውይው» ብላ ገንዘብ ላከች። እናት ሱቅ ገብተው ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ። ለአንዱ ጥሩ ትራስ በሚከፈለው ገንዘብ ለአምስቱም የቤቱ ሰው ርካሽ ትራስ ይገዛል። አምስቱን ገዝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ አምስቱም እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አሉ። አንገታቸውም እንዳመማቸው ነው። ልጅቷ በደወለች ቁጥር «ትራሱ ተመቸሽ?» ትላለች፤ እሳቸውም «በጣም ተመችቶኛል» ይላሉ። ደብዳቤያቸው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ውድ ትራስ መግዛት ኢስራፍ ነው ወይ? ልጄንስ እስከ መቼ እዋሻታለሁ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ትራስ ከቆዳ የተሠራና በተምር ዛፍ ቃጫ የተሞላ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲሶች ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ እሳቸው ገብተው የሰሌኑ ምልክት በጎናቸው ላይ ታትሞ ባዩ ጊዜ ማልቀሳቸውም ይታወቃል። ይህን ጠቅሰው «እንግዲያው ጥሩ ትራስ መግዛት አይገባም» የሚሉ ሰዎች ገጥመውናል። ሐዲሱ ግን ይህን አይልም። የሚያስተምረን ዙህድን ነው እንጂ የታመመ አንገትን ማሳመምን አይደለም። በሱረቱል ፉርቃን የአላህ ባሮች ሲገለጹ የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ በሁለቱ መካከል የሚሆኑ ናቸው ተብሏል። ስለዚህ ጥያቄው ዋጋው ስንት ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ የሚለውም ነው። በወራት ውስጥ የሚጣሉ አምስት ትራሶችም ብክነት ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ለእንግዳ ተብሎ ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት የሚቀመጥ ጥልፍ ትራስ አለ፤ የቤቱ አባት ኮታቸውን አጥፈው ይተኛሉ! እንግዳን በትራስ ማክበር መልካም ነገር ነው፤ የቤቱ ሰውም ግን አንገት አለው።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንሂድ። ከልጅነታችን የምናውቀው የጥጥ ትራስ ነው፤ ገጠር ያደግን ደግሞ የጭዱንም እናስታውሳለን። በደጋን ተነድፎ የተሞላ ጥጥ ጠንከር ያለ ነው። ከጊዜ በኋላ ይጓጉላል፣ ነገር ግን ተፈትቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ እንደገና ተነድፎ ይሞላል። ከዘመኑ ትራሶች ይህን ዕድል የሚሰጡን ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ አየር የያዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነገር ነው። በርካሹ ውስጥ አየሩ ይበዛል፣ ጥሬ ዕቃው ያንሳል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ክብደት ሌሊት ሌሊት ሲያርፍበት የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ይደክምና ትራሱ ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል። ስለዚህ መጠናቸው እኩል ከሆነ ሁለት የስፖንጅ ትራሶች በእጅ ሲመዘኑ ከበድ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሚበረክተው ነው። ዚፕ ካለው ከፍታችሁ እዩት። ከላይ ያማረ ጨርቅ ለብሶ ውስጡ ቁርጥራጭ ስፖንጅ የሆነ ትራስ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ከፖሊስተር የሚሠራው፣ በተለምዶ ፋይበር የምንለው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ለሁለት አጥፋችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫኑትና ልቀቁት። ወዲያው ከተዘረጋ ደህና ነው፤ እንደታጠፈ ከቀረ ሱቁ ውስጥ ሳለ አርጅቷል ማለት ነው። ውድ ከሚባሉት መካከል ሜሞሪ ፎም የሚሉት አለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለአውሮፕላን መቀመጫ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ወደ ፍራሽና ትራስ ገበያ በስፋት የገባው በ1990ዎቹ ነው። የጭንቅላትን ቅርጽ ይዞ ቀስ ብሎ ስለሚመለስ በእጥፋት አይፈተንም። ለአንዳንዱ ይመቻል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያሞቀዋል።

ነገር ግን ትራስ የሚመረጠው በዋጋው ብቻ አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚመረጠው በቁመቱ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፣ ምክንያቱም እናታችን የገዟቸው ትራሶች ያስቸገሯቸው በዚህ ይመስለናል። ሱናው በቀኝ ጎን መተኛት ነው። በጎን የሚተኛ ሰው በጆሮውና በፍራሹ መካከል የትከሻው ስፋት ያህል ክፍተት ይፈጠራል። ትራሱ ይህን ክፍተት ካልሞላ ጭንቅላት ወደ ታች ይወድቃል፣ አንገት ሌሊቱን ሙሉ ተጣሞ ያድራል። ከመጠን በላይ ከፍ ካለም ወደ ላይ ይጣመማል። ስለዚህ ትከሻው ሰፊ የሆነ ባልና ትከሻዋ ጠባብ የሆነች ሚስት አንድ ዓይነት ትራስ ሊስማማቸው አይችልም። በጀርባው የሚተኛ ዝቅ ያለ ይበቃዋል። ፍራሹም ይቆጠራል፦ ለስላሳ ፍራሽ ላይ ትከሻ ስለሚሰምጥ ዝቅ ያለ ትራስ፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ለመለካት በጎን ተኙና ከቤተሰብ አንዱ ከኋላ ይያችሁ። አንገትና የጀርባ አጥንት አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ትራሱ ልክ ነው።

ስለ ሒሳቡም አንድ ነገር እንበል። ለምሳሌ ያህል አንድ ትራስ 400 ብር ተገዝቶ በ8 ወር ቢጠፈጠፍ ለወር 50 ብር ከፍለንበታል። ሌላው 1,200 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት ቢያገለግል ለወር 25 ብር ሆነ። ርካሹ የትኛው እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ይህ ማለት ግን ውድ ሁሉ ይበረክታል ማለት አይደለም። የሚያብረቀርቅ ካርቶን፣ የባዕድ አገር ስም፣ ጥልፍ የበዛበት ጨርቅ፣ ይህ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ለአንገት ግን ምንም አይፈይድም። «ሐር ነው» እየተባለ የሚሸጠው የሚያንሸራትት የትራስ ልብስም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። እውነተኛ ሐር ከሆነ ደግሞ ወንዶች በሐር ላይ መቀመጥን የሚከለክል ሐዲስ መኖሩን እናስታውሳለን። በላባ የተሞላ ትራስ ለመግዛት ያሰበም ላባው በሸሪዓ ካልታረደ ወፍ የመጣ ሊሆን ስለሚችልና መዝሀቦች በዚህ ስለሚለያዩ የአካባቢውን ዑለማእ ይጠይቅ።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ እህቶቻችን ይህን በደንብ ይስሙን። ቅቤ የተቀባ ፀጉርና ትራስ ጠላቶች ናቸው። ከአሮጌ አቡጀዲ ሁለተኛ የውስጥ ልብስ ለትራሱ ስፉለትና ልብሱን በየሳምንቱ እጠቡ። ሙቅ ውኃ፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ፣ ትራስ ውስጥ የሚራቡትንና አስምና አለርጂ የሚቀሰቅሱትን በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይገድላል። ጥጥን ፀሐይ ይወዳታል፤ ስፖንጅን ግን ፀሐይ ታቃጥለዋለች፣ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ርካሽም ሆነ ውድ ትራስ አያስፈልገውም፤ ሊያፍነው ይችላል።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። እማማ፣ መጀመሪያ ሕመሙ ወደ ክንድዎ የሚወርድ ወይም እጅዎን የሚያደነዝዝ ከሆነ ትራስ መለወጡን ይተዉና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ካልሆነ ግን ያሉትን አምስት ትራሶች አይጣሏቸው። የውስጣቸው ፋይበር ከሆነ የሁለቱን ፈትተው በእጅ አፍታተው በአንድ የአቡጀዲ ልብስ ውስጥ ይሙሉት። ትከሻዎን ለክተው ይጨምሩ፣ ይቀንሱ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሥዕል የነበረበትን መጋረጃ ቀድደው ትራስ እንዳደረጉት ያስታውሱ። ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት፤ ካልሆነልዎ አንዱን ጥሩ ትራስ ይግዙ። ኢስራፍ አይደለም።

ልጅዎን በተመለከተ፣ እውነቱን ይንገሯት። አምስቱን የገዙት ለወንድሞቿና ለእህቶቿ አስበው እንደሆነ ስትሰማ የምትቆጣ አይመስለንም፤ ብትቆጣም የእናቷ አንገት አሳስቧት ነው። በሰው ቤት ደክማ ገብታ ስትተኛ «እናቴ ተመችቷታል» ብላ የምታርፈው በእርስዎ ቃል ነው። ዛሬ ማታ ስትደውል ይንገሯትና የተነጋገራችሁትን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።