በደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ስለሚደርስ ከባድ የሳምባ ምችና ስለ እስትንፋስ እርዳታ



የደም ካንሰር የያዘው ሰው ለሞት የሚዳረገው በካንሰሩ ብቻ አይደለም። ካንሰሩና መድኃኒቱ ተባብረው ነጭ የደም ሕዋሱን ባሳጡት ጊዜ፣ ከሚገቡበት ሕመሞች እጅግ አስጊው የሳምባ ምች መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ሕክምናውን ጀምሮ ወደ ፎገራ ሜዳ የተመለሰ የሩዝ ገበሬ፣ ሌሊት ትኩሳትና ትንፋሽ ማጠር ቢይዘው ወረታ ላይ ምን ሊደረግለት ይገባል?

ኒውትሮፊል የሚባሉት ሕዋሳት በማይክሮ ሊትር ከ500 በታች ሲወርዱ መግል የሚሠራ ስለሌለ አክታው ይጠፋል፤ ራጁም በመጀመሪያው ጊዜ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ፎገራ ወባ ያለበት አገር ነውና ትኩሳት ሁሉ ለወባ ይሰጣል። የወባው ምርመራ ይደረግ፤ ውጤቱ ግን በደም ሥር የሚሰጠውን ፀረ ባክቴሪያ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሊያዘገየው አይገባም። ሴፍትራያክሶን ሱዶሞናስ የተባለውን ተሕዋስ አይነካም፤ ቢሆንም ሴፌፒምን የመሰለ መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ፣ ሕመምተኛውን ባዶውን ከመላክ ያለውን ሰጥቶ መላክ ይሻላል።

የኦክሲጅኑ ነገር ሒሳብ ይጠይቃል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ቢሞላ 1,500 ሊትር ያህል ይሰጣል። ይህም በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሰው 5 ሰዓት፣ 15 ሊትር ለሚወስድ 100 ደቂቃ ይበቃል። በደቂቃ 50 ሊትር ንጹሕ ኦክሲጅን በአፍንጫ የሚያስገባው ከፍተኛ ፍሰት ግን በ30 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ከወረታ ባሕር ዳር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መንገዱ ሳያልቅ ሲሊንደሩ ያልቃል። ደብረ ታቦር በርቀት ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ሜዳው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው ከተማይቱ ወደ 2,700 ሜትር ስለምትጠጋ፣ የአየሩ ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ወደዚያ የሚወጣ ሕመምተኛ የኦክሲጅኑ መጠን በጉዞ ላይ እየተለካ ይጨመርለት።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ የመከላከል አቅማቸው የደከመ 776 ሕሙማንን በ32 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተከታትሎ፣ በ28 ቀን ውስጥ ከፍተኛ ፍሰት ካገኙት 35.6 ከመቶ፣ የተለመደውን ኦክሲጅን ካገኙት 36.1 ከመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ያ መሣሪያ የሌለው ሆስፒታል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ይሁንና ከእነዚያ ሕሙማን ከ10ሩ 4 ያህሉ በኋላ ቱቦ ገብቶላቸው በማሽን መተንፈሳቸው መዘንጋት የለበትም፤ የቱቦው አማራጭ የሚገኝበት ቦታ ሕመምተኛው ሳይደክም በጊዜ መታሰብ ይኖርበታል።

ማሽኑ ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ በሆነበት አገር «የካንሰር ሕመምተኛ ነው» ብሎ ከደጃፍ መመለስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. በዚያው በፈረንሳይ የታተመ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ ማን እንደሚተርፍ በመጀመሪያው ቀን መለየት አይቻልም። ሙሉ እርዳታ ለጥቂት ቀናት ሰጥቶ፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ የኩላሊቱን፣ የደም ግፊቱንና የትንፋሹን ሁኔታ መርምሮ ከቤተሰቡ ጋር መምከር የተሻለ መንገድ ነው።

መከላከሉም ከሆስፒታሉ በር ይጀምራል። የሻገተ ገለባ የሚያስነሣው ብናኝ ሳምባን የሚያጠቃ የሻጋታ ዘር ስለሚይዝ፣ ነጭ ሕዋሱ የወረደበት ሰው ከውቂያ አውድማና ከገለባ ክምር መራቅ ይገባዋል። ወደ ቤቱ ሲሸኝም የበሽታው ስም፣ መድኃኒቱን የወሰደበት የመጨረሻ ቀንና የሐኪሙ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይሰጠው፤ ወረታ ላይ በሌሊት የሚቀበለው ነርስ ከሌላ የሚጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላልና።