ከማሳው ጥግ የምንማረው

(ለጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊደል ቆጠርን፤ ስማችንን መጻፍ፣ ደብዳቤ ማንበብ ቻልን። ታዲያ ትምህርት እዚህ ላይ ያበቃል? እኛ የምንለው አያበቃም ነው።

በእኛ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ ዓመት የጎረቤታችን ስንዴ አምሮ ብናይ፣ ያንኑ ዘር ገዝተን ማሳችንን ከዳር እስከ ዳር ዘራነው። ሊያሽት ሲል ዋግ መታው። ያገኘነው ለዘር እንኳ አልበቃም። በሬ ሸጠን እህል ሸመትን። ከዚያ ወዲያ «ሁለተኛ አዲስ ነገር አይለምደንም» አልን፤ ለብዙ ዓመትም አንዳች ሳንሞክር ኖርን። ዛሬ ስናስበው፣ ጥፋታችን አዲስ ዘር መዝራታችን አልነበረም። ሳናውቀው ማሳውን በሙሉ መስጠታችን ነበር። ጥግ ላይ ጥቂት ዘርተን ቢሆን ኖሮ ዋጉ ጥጉን ብቻ በልቶ ይቀር ነበር፤ በሬያችንም ከቤት አይወጣም ነበር።

ኋላ «ጤፍ በመስመር ዝሩ» ሲባል ሰማን። አሁን ግን አልቸኮልንም። ከማሳው ጥግ ሁለት መደብ ለካን፤ የእያንዳንዱ ጎን 10 ክንድ ነው። መሬቱ አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ የተዘራበትም ቀን አንድ ነው። አንዱን እንደ አባቶቻችን በተንነው፤ ሁለት ጭብጥ ዘር ፈጀ። ሌላውን በመስመር ዘራነው፤ መስመሮቹ አንድ ስንዝር ይራራቃሉ፤ ዘሩም ቁንጥር ቢሆን ነው። ወገብ ግን ያማል፣ አንዋሽም! አረሙ ሲመጣ ደግሞ የመስመሩን ማረም ቀለለን። ሁሉንም በልጆች ደብተር ላይ ጻፍነው። ስንወቃ ከብትኑ 4 ጣሳ፣ ከመስመሩ 5 ጣሳ አገኘን። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ዘገየ፤ ሁለቱም እኩል 3 ጣሳ ሆኑ። ባንጽፈው ኖሮ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ እያስታወስን በመስመሩ በማልን ነበር።

መሞከር የምሁር ሥራ ብቻ የሚመስለው አለ። እስቲ ይህን ስሙ። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው። አንዱን ጤፍ ከሌላው ማዳቀል ለረጅም ጊዜ ሳይቻል ቆይቶ ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባው ማለዳ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ማዳቀል ተቻለ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ነጭነቱን ከአንዱ ወላጁ፣ ምርታማነቱን ከሌላው የወሰደ ነው። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ስንቶቻችን ከብት እየነዳን በጤፍ ማሳ ዳር አልፈናል! ዓይን ነበረን፤ ጎንበስ ብለን አላየንም።

የእኛ መደብ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሁለቱም በቅለዋል። የትኛው እንደሚበልጥ ገና አልቆረጥንም። መጥታችሁ እዩልን፤ ወደ መስመሩ ስትጠጉ ግን እግራችሁን አደራ።