ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ ላፕቶፕ

የዛሬው ዝግጅት ከላሊበላ፣ ከብልባላ፣ ከኩልመስክና ከገነተ ማርያም ተነሥታችሁ ወልድያም ሆነ ደሴ ኮምፒውተር ሳይንስ ልትማሩ ለምትሄዱ ልጆቻችን ነው። ወላጆችም አብራችሁ ስሙ፤ ላፕቶፑን ተቸግራችሁ የምትገዙት እናንተ ናችሁና።

ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» እላቸዋለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የኖራችሁበት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። ኦንላይን ብቻ የሚለማመድ ተማሪ እንዲህ ባለው ጊዜ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ኔት ባለበት ቀን ወርዶ፣ በፍላሽም ተገልብጦ ይቀመጥ።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ለእሱ ኮድ ብሎክስ ይበቃል፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ መሰናክል አለ። ኮድ የሚጻፍበት ሰሌዳ ሌላ ነው፤ የተጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠው ኮምፓይለር ሌላ ነው። ኮድ ብሎክስ ኮምፓይለር ያለውም የሌለውም ሆኖ ይወርዳል። ያለው ከበድ ይላል፤ የሌለው በጣም ያንሳል። ልጆቻችን ካርድ ለመቆጠብ ትንሹን ያወርዳሉ። አንድ የብልባላ ልጅ «ኮዴ ተበላሽቷል» እያለ ያችኑ አሥር መስመር ሦስት ቀን ሲሰርዝ ሲደልዝ አገኘሁት። ኮዱ ምንም አልነበረበትም፤ ኮምፓይለር ነው ያልነበረው። ስታወርዱ የፋይሉ ስም ውስጥ «ኤም፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ፣ ደብሊው» የሚሉት ፊደላት መኖራቸውን እዩ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የምትወዱም ልብ በሉ፤ እሱም የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ይዞ አይመጣም።

ፓይተን የተባለው ቋንቋ ግን ያለ ጣጣ ነው፤ አንዴ ከጫናችሁት መጻፊያውም ማስኬጃውም አብሮ አለ። እስቲ አንድ ነገር ሞክሩበት። ርዝመት የምትለካውን «ሌን» የተባለች ትእዛዝ ስጡትና «ላሊበላ» የሚለውን ቃል አስለኩት፤ 4 ይላችኋል። ያንኑ ቃል በሲ ፕላስ ፕላስ ተራ ስትሪንግ አድርጋችሁ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡና ለኩ፤ 12 ይወጣል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፓይተን ፊደሉን ይቆጥራል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ባይቱን ይቆጥራል፤ በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። የገዛ ከተማችሁ ስም ያስተማራችሁን ይህን ትምህርት አትረሱትም።

ሌላው ጊት ነው። በፈረንጆቹ 2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሠራው ይህ መሣሪያ የሥራችሁን ታሪክ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ይመዘግባል፤ ትናንት የነበረውን ኮድ ለመመለስ ኔት አያስፈልገውም። ክራክ የተባለውን፣ ቁልፉ ተሰብሮ በሕገወጥ መንገድ የሚዞረውን የክፍያ ሶፍትዌር፣ ግን ከማንም ፍላሽ አትቀበሉ። የዘረዘርኳቸው ሁሉ በነፃ የሚገኙ ሆነው ሳለ ስለምን ቫይረስ ትሸከማላችሁ?

አደራ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ላፕቶፑን ከኔት አላቅቁና አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፋችሁ አስኪዱ። እምቢ ካለች የጎደለውን ኔት ሳለ አውርዱ።