ስለ ኮምባይነር ጣቶች
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)

በአርሲና በባሌ ስንዴ በኮምባይነር ሲታጨድ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ገበሬው ኪራይ ከፍሎ እህሉ መሬት ላይ ሲቀር ግን በዝናቡ ወይም በሾፌሩ እናላክካለን። ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከማሽኑ ፊት በሚሽከረከረው ማቀፊያ ላይ ስለተደረደሩት ጣቶች።

ሥራቸው ሰብሉን ደግፎ ወደ ቢላው ማቅረብ ነው። የብረቱ ጣት ነፋስ ያጋሸበውን ሰብል አጥብቆ ያነሣል። ነገር ግን ተጣምሞ ቢላው ውስጥ ከገባ ቢላውን ይሰብራል፤ ተሰብሮ ከተዋጠም መውቂያውን ይጎዳል። ፕላስቲኩ ቢቆረጥ በአብዛኛው የሚጠፋው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉብታ በበዛበት ማሳ እኔ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ በቆመ ማሽን ፕላስቲክ ይደርቃል፤ ከአጨዳ በፊት በእጃችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ጣት ይዛችሁ ሂዱ። የሚታሰርበት ቧንቧ ውፍረትና የጣቱ ርዝመት ካልገጠመ ዋጋው ቢረክስ ምን ይጠቅማል? ረዥሙ ቢላውን ይነካል። ጎዶሎውንም «ግድ የለም» ብላችሁ አትተዉት፤ የጋሸበው ሰብል በዚያው ክፍተት ሾልኮ ይቀራል።

ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ከትታችሁ፣ ማቀፊያውን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱ ጣት ከቢላው መራቁን እዩ።